ቀኖና የተባለብኝ የጠዋት መንገድ

"ጉበትዎ ላይ ስብ ተጠራቅሟል" የተባልኩት ባለፈው ዓመት፣ ደሴ ሄጄ በአልትራሳውንድ የታየሁ ቀን ነው። ነገሩን እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ከሕመሙ ይልቅ በተከተለው ሐሜት ነው።

ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን እያየ "መጠጥ ይወስዳሉ?" አለኝ።

"በስመ አብ! ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም።"

"ያለ መጠጥም ይመጣል። ተቀምጠው ነው የሚሠሩት?"

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስፌት መኪናዬ የምነሣው ለምሳ ብቻ ነው። መድኃኒት ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጣፋጭና ቅባት ቀንሼ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብዬ እንድራመድ አዘዘኝ። ፍጥነቱንም ሲነግረኝ "ማውራት ይችላሉ፤ መዝፈን ግን ያቅትዎታል" አለ።

እኔ ዘፈን የት አውቄ! በአባታችን ሆይ ለካሁት። በየማለዳው ነጠላዬን አጣፍቼ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድ እሄዳለሁ። ጸሎቱ ሳይቆራረጥ ከወጣ እፈጥናለሁ፤ ትንፋሽ ካጠረኝ ቀዝቀዝ እላለሁ።

ለካስ አገሬው ያየው ሌላ ነው። ነጠላዋን ያጣፋች ሴት፣ በየቀኑ በአንድ መንገድ፣ ከንፈሯ እያነበነበ! "የንስሐ አባቷ ቀኖና ሰጥተዋት ነው" ተባለ። ቀኖና ካለ ደግሞ ኃጢአት አለ።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ሐይቅ መጥቼ፣ እሱ ሲያርፍም እዚሁ ቀረሁ። ዘመድ የለኝም፤ ያለኝ ስሜ ነው። "አገሯን ጥላ የመጣችው ለካ ወዳ አይደለም" ማለት ሲጀመር አንጀቴ አረረ። እውነቱን እንዳልናገር፣ ጉበት ታመምኩ ካልኩ አረቄ ትጠጣለች ሊሉኝ ነው። ከኃጢአተኛና ከሰካራም ምረጪ እንደማለት! ሳምንት ሙሉ መንገዱን ተውኩት።

ምስጢሬን የነገርኳት ጎረቤቴ ዘሀራ ናት። "አብሽሪ እንጂ!" ብላ ተቆጣችኝ። "የሰው ወሬ ጉበትሽን አያክምልሽም! ተነሽ በአላህ!"

በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ነበረን። እትዬ የሺ፣ የማኅበራችን ታላቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ልጄ፣ ቀኖናሽ መቼ ነው የሚያልቀው? እንጸልይልሽ እንጂ" አሉኝ።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። "ቀኖና የለብኝም እትዬ። ጉበቴ ስብ ይዟል፤ ሐኪም ተራመጂ ብሎኛል።"

"ጉበት? እሱስ የአረቄ አይደል እንዴ!" አለች አንዷ። ሳቅ ሆነ።

"ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠላችሁን ሳልቀምስ ስመልስ አይታችኋል" አልኳቸው። "እኔን ያሳመመኝ መቀመጡና ጣፋጩ ነው። ነገም እሄዳለሁ። በጓሮም አልዞርም፤ በየደጃችሁ ነው የማልፈው!"

ስወጣ አንዷ ማኅበርተኛ እስከ አጥሩ ተከትላኝ "እኔንም ሐኪም ተራመጂ ብሎኝ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት" አለችኝ በጆሮዬ። ስሟን አልናገርም።

በማግስቱ እንዳልኩት በየደጃቸው አለፍኩ፤ ጸሎቱንም ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከወራት በኋላ ሐኪሙ ደግሞ አየኝና "ስቡ ቀንሷል፤ እንዳያቆሙ" አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላቆምኩም።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። የማፍርበት ግን የለኝም። የሚቆጨኝ ፈርቼ ቤት የተቀመጥኩበት ያ አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

በዚያ የማርያም ቀን በዚያ ቤት የነበራችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አንድ ማለዳ ከእናንተው አንዷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ከደጇ ስትወጣ ታዩ ይሆናል። ምን ሠርታ ነው አትበሉ። እንዴት አደርሽ በሏትና አሳልፏት።