እሳቸው ይቅሩ

ስለ አንድ አሮጌ የቶርኖ ማሽን መጻፍ የሰው ጊዜ መሻማት እንዳይሆን ፈርቼ ነበር፤ ጥፋተኛዋም እኔ ስለሆንኩ ባይነገር ይሻለኝ ይሆናል። ግን ባለፈው ሳምንት፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርክሾፕ ስንጎበኝ፣ በጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ ዘይት ሽታ በር ላይ ተቀበለኝና መምህሩን ትቼ በሐሳብ አቃቂ፣ አባቴ ቶርኖ ቤት ገባሁ።

ቶርኖ ቤቱ መንገድ ዳር ያለ የኪራይ ቆርቆሮ ክፍል ነበር። ከብረት እየተላገ የሚወድቀው ሰማያዊ ጥቅልል ወለሉን ይሞላው ስለነበር፣ እናቴ አንዴ ቤት ውስጥ እግሯን ከተወጋች ወዲህ አባቴን ጫማውን ደጅ ሳያራግፍ አታስገባውም። ማሽኖቹ ሁለት ነበሩ። ትልቁ የጣሊያን ሥሪት በዕድሜ ስለሚበልጠው አባቴ «አንቱ» ይለዋል፤ ጠዋት ሞተሩ እምቢ ሲል «ዛሬ እሳቸው አልተነሱም» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ትንሹ የቻይና ግን «ይሄ ልጅ» ነው፤ ጠንካራ ብረት ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ቦታው ለመንገድ ተፈለገና ሥራው ወደ ግቢያችን ሊዛወር ሆነ። ጓሯችን የሚበቃው ለአንድ ማሽን ብቻ ነው። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሜትር ይዞ ሲለካ፣ አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠራኝ።

«እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ፤ የቱ ይቅር?»

የቱ ከእኛ ጋር ይቅር ያለኝ መሰለኝ። ልቡ የት እንዳለ ስለማውቅ፣ ደስ እንዲለው ቶሎ ብዬ «አባዬ፣ እሳቸው ይቅሩ» አልኩት። እጁን በጨርቅ ረጅም ጊዜ ጠረገና «እሺ» አለ።

ቅዳሜ የጎረቤታችን የጋሽ ሰይድ አይሱዙ መጥቶ ትልቁን ሳሪስ ላለ ገዢ ጫነ። ስድስት ሰው ገፍቶት አልነቃነቅ ሲል ጋሽ ሰይድ «እኚህ ሽማግሌ አልሄድም ብለዋል» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፣ አባቴም። እኔ ሐሳቡን የለወጠ መስሎኝ፣ አባት ለምን አይባልም ብዬ ተውኩት።

ትንሹ ጓሯችን ገባ። እየተንቀጠቀጠ የሰው ዕቃ አበላሸ፤ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቶርኖ ቤት ሄዱ፤ በመጨረሻ እሱም ተሸጠ። በጣቱ ዳብሶ የፀጉር ያህል ልዩነት የሚያውቀው አባቴ አሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ዘበኛ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የተመደብኩ ዕለት ለጎረቤት እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ይቺ ልጅ ያኔም አስተዋይ ነበረች። እኔ በፍቅራቸው ታውሬ የቱን እንተው ብዬ ብጨነቅ፣ እሳቸው ይቅሩ ብላ ገላገለችኝ።»

ያኔ ገባኝ። ፈገግ አልኩለት፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ብረት የላገው ባለፈው ዓመት፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው።