ግማሽ ማረጋገጫና አንድ የጎባ በሬ

በአገራችን ሰው ሥራውን አጥብቆ ካወቀ ቅጣቱ ሹመት ነው። የባሌው ጎሮ ልጅ ሻፊ አሊዪ ማንንም ሳያስቀይም ሮቤ ላይ ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተማረ፤ እዚያው ሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት አደረጉት። ምክትሎቹ «ራዕይ» እና «ተልዕኮ» የሚሉትን ቃላት ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ያረጁ ናቸው። እሱ የሚያውቀው አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ የማይሆነውን «ይሁን» ብሎ ተነሥቶ መጨረሻው ከንቱ መሆኑን ማሳየት።

በመጀመሪያው ጉባኤም ይህንኑ ሞከረ። ሮቤና ጎረቤቷ ጎባ «ዩኒቨርሲቲው ለእኔ ይገባል» በሚል እንደ ጣውንት ሲተያዩ ኖረዋልና፣ ክርክሩን አንዴ ሊዘጋው አሰበ።

«ዩኒቨርሲቲው ጠቅልሎ ጎባ ገባ እንበል» አለ።

መብራት ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያውም አብሮ። ጄነሬተሩ እስኪነሣ ማን ይጠብቃል? አዳራሹን የሞላው የተማረ ሰው ነዋ! መነሻው ከባጃጅ ቀድሞ ጎባ ገባ፤ መደምደሚያው ከሻፊ ጋር ጨለማ ውስጥ ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት የሮቤ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል። የቦርዱ ሰብሳቢ ደግሞ በስልክ፣ «እስከ ማታ ካላበረድከው የቢሮውን ቁልፍ አስረክብ» ብሎታል።

«አስረክበውና ወደ ጠመኔህ ተመለስ» አለችው ሚስቱ ሀዋኒ። «የጠመኔ ሰው ሲሳሳት በዳስተር ያጠፋል።»

«አልተሳሳትኩም። አልጨረስኩም።»

«እሱን በር ላይ ለቆሙት ሐጂ ንገራቸው።»

የሮቤዎቹ አፍ ሐጂ ቀመር ናቸው። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ዶክተር» አሉት። «እኛን ለጎባ ሰጥተህ መቼም ጥሩ እንቅልፍ ሳይወስድህ አልቀረም። እኔ ከዛሬ ወዲያ የጎባ ውሃ እንኳ አልቀምስም።»

ወዲያው የሻፊ ስልክ ጮኸ። የጎባው ጡረተኛ ጋሽ ገብረወልድ ነበሩ።

«ለደስታው በሬ ጥለናል፣ ዶክተር። ይምጡልን።»

ሻፊ በስልክ ሊያስረዳቸው ነበር። ግን ሁለቱ ከተሞች አብረው ካልሰሙት ማረጋገጫው እንደገና ግማሽ ይሆናል። ሐጂን ከነባልንጀሮቻቸው አውቶብስ ላይ ጭኖ ጎባ ወረደ፤ ዳሱ መሐል ቆሞም መብራት በማያስፈልገው ድምፅ ጀመረ።

«ዩኒቨርሲቲው ጎባ ገባ እንበል። መምህራኑ ቤት የሠሩት የት ነው?»

«ሮቤ» አሉ ሮቤዎች።

«ተማሪው የተከራየው?»

«ሮቤ» አሉ ጎባዎችም፣ እየቀፈፋቸው።

«እንግዲህ ሁሉም ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። ግማሹ ትምህርት አውቶብስ ውስጥ ያልቃል። አውቶብሱ የሚያድረው ደግሞ ሮቤ ነው። ስለዚህ ጎባ የገባው ዩኒቨርሲቲ ያለው ሮቤ ነው። ይህ አይሆንም፤ የተነሣንበትም ፈረሰ።»

 ጋሽ ገብረወልድ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ገብቶናል። በሬውን ግን ወደ መነሻው ይመልሱልን።»

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ቀጠሉ። «ለእርስዎ ብለን በሙስሊም እጅ ነው ያሳረድነው። እዚህ ያለነው ደግሞ የአንድ ደብር ሰዎች ነን፤ አንበላውም። ማን ይብላው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ሮቤዎቹ ዞረ። ሐጂ ቀመር ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እኔ ውሃ አልኩ እንጂ ሥጋ አልኩ?» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ቀረቡ።

አመሻሹ ላይ ሰብሳቢው ደወለ። «ሮቤዎች ምን ይላሉ?»

ሻፊ ዞር ብሎ አያቸው። «አጥንት ይዘዋል» አለ። «ሲጨርሱ ልጠይቃቸው።»

ሰብሳቢው ስለ ቁልፉ ሳያነሣ ዘጋ።