የቤተ ልሔሙ ስንዴ

የገበሬ መሬት ይወስዳል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገድ የተዘጋ ሰሞን ሰበታ ሌላ አገር መሰለችኝ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ታክሲ የለም፤ አዲስ አበባ ያለው ኮሌጄ ከደመና ወዲያ የራቀ ያህል ነበር። እኔ ግን የድራፍቲንግ፣ የሕንጻ ንድፍ፣ መመረቂያ ሥራዬን መጨረስ ነበረብኝ። ግትርነቴን የምታውቀው እናቴ አልከለከለችኝም። ወረቀትና ሜትር ይዤ ከፉሪ በላይ ወዳለው ኮረብታ በእግሬ ወጣሁ፤ እዚያ በመካከለኛው ዘመን የተተከለ ገዳም ፍራሽ አለ፤ እሱን ለክቼ ንድፉን ልሠራ ነበር።

የቀረው ከጉልበት የማይበልጥ የድንጋይ መሠረትና አንዲት እማሆይ ነበሩ። እማሆይ ግን ሕንጻው ሁሉ እንደቆመ ነበር የሚኖሩት። ሣሩን አቋርጬ ልገባ ስል፣ "በዚያ አይገባም ልጄ፤ ግድግዳ ነው። በደጀ ሰላሙ ዙሪ" አሉኝ። ዞርኩ። "ጎንበስ በይ፤ የበሩ ጉበን ዝቅ ያለ ነው።" ባዶ አየር ሥር ጎንበስ አልኩ። ቅኔ ማኅሌቱን አልፈን፣ ቅድስቱን አልፈን፣ መቅደሱ ጋ አቆሙኝ፤ ሴት አይገባም። ሁለታችንም በሌለ መጋረጃ ፊት ቆመን ተሳለምን። በስተ ደቡብ መነኮሳቱ አብረው የሚበሉበትን ቤት፣ ከአጥሩ ሥር ለየብቻ የሚጸልዩባቸውን በአቶቻቸውን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ሰው ቢያየን አበዱ ይለን ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ግድግዳዎቹ ለእኔም ይታዩኝ ጀመር።

ለመለካት የቀረኝ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ቤተ ልሔም ብቻ ነበር። እማሆይ በስተ ምሥራቅ በጣታቸው ያመለከቱት ቦታ ስንዴ በቅሎበታል። ሜትሬን ዘርግቼ ስገባ ባለ እርሻው ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

"ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ! ምንድነው የምትለኪው?"

"ፕላን እያነሳሁ ነው።"

ምነው ምላሴን በቆረጠው! በዚያ ሰሞን ያንን ቃል ገበሬ ማሳ ውስጥ የሚናገር ጤነኛ የለም።

"ማስተር ፕላን?"

"አይደለም ኦቦ፤ የጥንቱ ገዳም ነው።"

"የጥንት ይሁን የዘንድሮ፣ ላፋ ኮ፣ መሬቴ ላይ መስመር ካረፈ አለቀ። የወንድሜንም በወረቀት ነው የወሰዱት።"

በቁጣ ልመልስላቸው ነበር፤ የወንድማቸውን ስሰማ አፈርኩ። ወደ እማሆይ ዞርኩ። ቦታው የገዳሙ ነው ይላሉ ብዬ ፈራሁ፤ ካሉ ማስመሬ አይቀርም።

እማሆይ ስንዴውን ትንሽ አዩት። "ቤተ ልሔም የእንጀራ ቤት ማለት ነው ልጄ። ይኸው ያበላል። ሥራውን መች ተወና? አትንኪው።"

በእርሳስ የጀመርኩትን የቤተ ልሔሙን መስመር አጠፋሁ። ሽማግሌው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ፤ ማንበብ አይችሉም።

"የእኔ የቱ ጋ ነው?"

ጣታቸውን ይዤ በወረቀቱ ምሥራቅ ባዶው ላይ አሳረፍኩት። ጣታቸው ወዲህ ወዲያ እየዳበሰ ፈለገ።

"መስመር የለውም?"

"የለውም ኦቦ።"

"ገለቶሚ" አሉኝ፤ አመስግነውኝ ስንዴያቸው ውስጥ ገቡ።

መንገዱ ሲከፈት ሥራዬን አስረከብኩ። ሲመለስልኝ መምህሬ ባዶውን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ከቦ፣ "ቤተ ልሔሙ የታለ?" ብሎ ጽፎበታል። ነጥቤ መቀነሱ አላናደደኝም፤ ግን የኦቦ ማሳ ላይ መስመር አርፎበታል። ላጲስ አውጥቼ ቀዩን መስመር ፈገፈግኩት፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ቀዩ አልለቀቀም።