ሁለተኛው ገጽ

ልብስ ሰፊው ከመጽሐፍ ጋር ፍቅር አልነበረውም፤ ፍቅሩ ከሚስቱ ጋር ነበር። እሷ ኮሌጅ ውስጥ ፍልስፍና ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ የመጽሐፍን መግቢያ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ የምትበረብር ሴት ናት። «ጸሐፊ የሚያጭበረብርህ ገና በር ላይ ነው፤ አንዴ ከገባህማ አለቀልህ» ትለው ነበር። ሦስት ገጽ አንብባ የወረወረችው መጽሐፍ ብዛቱ!

ከዚያ የመርሳት በሽታ መጣና ያንን ሁሉ ዕውቀት ይጠራርገው ጀመር። ምን ዓይነት ግፍ ነው! ሐኪሟ «የምትወደውን ያንብቡላት» ሲለው፣ ሰፊው ከመደርደሪያዋ ስለ መንግሥት ፖሊሲ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ መዘዘ። ጠዋት ጠዋት ከስፌት መኪናው አጠገብ ያስቀምጣትና መነጽሩን አድርጎ ይጀምራል፤ «ሁላችንም እንደምንስማማው፣ ለአገር ዕድገት ሲባል የዛሬው ትውልድ መስዋዕትነት መክፈል አለበት...»

«ቁም!» ትለዋለች። «ሁላችንም? እኔን ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ሰውዬው ራሱ ምን ሊከፍል ነው?»

በማግስቱ ማንበባቸውንም ረስታዋለች። እንደገና ከመጀመሪያው፣ እንደገና «ቁም!» የልጆቿን ስም የረሳች ሴት ከዚህች ጥያቄ ግን ፍንክች አትልም።

እውነቱን ለመናገር ሰፊው ተሰላችቶ ነበር። ሰው ነዋ! «አንቺ ሴትዮ፣ እባክሽ አንድ ቀን እንኳ ሁለተኛውን ገጽ አሳዪኝ» ይላታል።

«ይሄን ሳትመልስልኝ የት ልትሄድ!» ትልና ትስቃለች። ሱሪ ሊወስዱ የመጡ ደንበኞችም አብረው ይስቃሉ።

አንድ ጠዋት «ሁላችንም እንደምንስማማው» ብሎ እንደ ልማዱ ጠበቀ። ያልሰማች መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«እሺ» አለች መስኮት መስኮቱን እያየች።

ሰፊው ክው አለ። «እሺ ምን? ተስማማሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ።»

ጋሼ! የሠላሳ ዓመት ባሏን! ትቆጣ እንደሆነ ብሎ ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ ከራሱ ፈጠረ፤ «ሁላችንም እንደምንስማማው፣ ሴት ልጅ መጽሐፍ ማንበብ የለባትም።» ትጮህበታለች፣ መጽሐፉን ነጥቃ ትወረውርበታለች ብሎ ቋመጠ። እሷ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች።

እንባው መነጽሩን ጋረደው። «ቁም በይኝ» አላት እጇን ይዞ። «የኔ እመቤት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቁም በይኝ።»

የማታውቀው ሰው ማልቀሱ አሳዘናት መሰለኝ፣ እጁን ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ይቀጥሉ ጋሼ» አለችው፤ «ጥሩ ነው የሚያነቡት።»