የእናኑ ሁለት መሐላ

እናኑ ተይዛ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ መታዘዟን የሰማችው በርበሬ ስትለቅም ነው። የነገራት እንዳለው የሚባለው የቀበሌው መጥሪያ አድራሽ ነው። ወደ ጓሮው ሳይገባ አጥሩ ጋ ቆሞ፣

«እትዬ እናኑ፣ ታስረው ይቅረቡ ተብሏል» አላት።

«እኔ?»

«አንቱ።»

«ምን ሰረቅሁ?»

«ኧረ ምንም! አለመቅረብዎ ነው።»

«ካልሄድሁ ምንም አላደረግሁ። ምንም ያላደረገ ሰው ይታሰራል?»

ይህን መጥሪያ አድራሹም አያውቀውም። ፖሊስ በገበያ ቀን ጅጋ ላይ ካገኛት ይዟት እንደሚሄድ ብቻ ነግሯት ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። እናኑ ቁና ሙሉ በርበሬ ይዛ ቆማ ቀረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለቃሚም ሻጭም እሷው ናት። እሷ ከታሰረች በርበሬው እማሳው ላይ ይበሰብሳል።

ነገሩ የመጣው ከውኃ ነው። ወንዳወቅና ይታገሱ ከአንድ ምንጭ በተራ የሚያጠጡ ጎረቤቶቿ ናቸው። በበጋው አንድ ቀን ጠዋት ተራው የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባባሉ። ወንዳወቅ በዱላ መታው፤ የይታገሱ ክንድ ተሰበረ። እናኑ ከላይ በኩል እንስራዋን እየሞላች ነበር። «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ያን ቀን ውኃውም ሰዎቹም አልቆሙም። ጩኸቷን ግን አገር ሰማ፤ ምስክር የሆነችውም በዚሁ ነው።

ይታገሱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ፖሊስ ቃል ተቀበለ፤ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰ። ይታገሱ ድኖ ሲመለስ ደግሞ ሽማግሌ ገባ። በግ ታረደ፤ ሁለቱ ተሳሳሙ። መሪጌታ ሠርክአዲስ መስቀላቸውን ይዘው፣ «ይህን ነገር ዳግም ያነሳ፣ ስም የጠራ፣ አዝመራውን ውርጭ ይብላው» አሉ። ሁሉም «ይብላው» አለ። እናኑም «ይብላው» አለች።

ከዚያ በኋላ ለምስክርነት ቅረቢ የሚል መጥሪያ መጣ። ተቀብሎ መሄድ ነገር ማንሳት ነው። እናኑ «አልቀበልም» ብላ መለሰችው። እንዳለው «አልቀበልም ብላለች» ብሎ ጻፈበት። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሁለቱንም ጊዜ እርቅ የጠበቀች መስሏት ነበር።

የእስሩን ትዕዛዝ በሰማች ማግስት፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፈተ ሲባል፣ ወደ ቡሬ ሄደች። የመንግሥት ጉዳይ ካለባት የምትሄደው ወደ ቡሬ ነው። ፍርድ ቤቱ ውስጥ መስኮት ጋ የተቀመጠ ጎልማሳ፣

«የመዝገብ ቁጥር?» አላት።

«የለኝም።»

«የተከሳሽ ስም?»

«አልናገርም።»

ጎልማሳው ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ መዝገብ የሚፈለገው በተከሳሽ ስም ነው። በምስክር ስም አይገኝም።»

«ስም እንዳልጠራ ምያለሁ።»

«እሺ፣ የት ነው የተጣሉት?»

«እምንጩ ላይ።»

የምንጩን ስም ጠየቃት፤ ይኼስ መሐላው ውስጥ የለም፣ ነገረችው። ሳቀ። «እሱ እኮ ጃቢ ጠህናን ወረዳ ነው። ጉዳዩ ያለ ፍኖተ ሰላም ነው።»

«እኛ ግን በርበሬ የምንሸጥ ቡሬ ነው።»

«ወንጀል በገበያ አይሄድም፣ እናቴ።»

ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ከሰዓት ሆኗል። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ አየች። እሷን የሚጠብቅ መሰላት። ፖሊሱ ግን ቦርሳዋን ፈትሾ አሳለፋት። ታስረሽ ቅረቢ የተባለች ሰው እንዴት እንዲህ ትገባለች? ይህም ግራ ገባት።

መዝገብ ቤት ያለችው ሬጅስትራር ህይወት የምትባል ልጅ እግር ናት። ስለ መሐላው ሰምታ አልሳቀችም። እናቷ ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር የመጡ የገጠር ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ታውቃለች።

«አንቱ ስም አይጥሩ» አለቻት። «እኔ እጠራለሁ። ሲደርስ ያስሉ።»

«ሳል ነገር ማንሳት አይሆንም?»

«ሳል ጉንፋን ነው።»

ህይወት የተከሳሾችን ስም መጥራት ጀመረች። እናኑ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። የማታውቃቸው ሰዎች ስም አለፈ። «ወንዳወቅ» ሲባል ለማሳል አፏን ከፈተች፤ ሳሉ እምቢ አለ። ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

«ይበቃል» አለች ህይወት። መዝገቡን አውጥታ አነበበች። «አዎ፣ ተይዘው ይቅረቡ የሚል ትዕዛዝ አለብዎ። አሁኑኑ ችሎት እንግባ። ፖሊስ ጎትቶ ሲያመጣዎ ሌላ ነው፣ በእግርዎ ሲመጡ ሌላ።»

ዳኛዋ ለምን እንደቀረች ጠየቋት።

«ታርቀዋል፣ እመቤቴ።»

«እርቅ ቅጣት ያቀላል እንጂ ክስ አይዘጋም። ይህን የነገረዎ የለም?»

«ማንም የለም። ሽማግሌዎቹም የሚያውቁ አይመስለኝም።»

ዳኛዋ ትዕዛዙን አነሱላት፤ ለፖሊስም ደብዳቤ ይጻፍ አሉ። ዓርብ መጥታ እንድትመሰክር ቀጠሩና ማስጠንቀቂያ ሰጧት። እናኑ ከእስር ስለዳነች ደስ ሊላት ሲል ዓርብ ትዝ አላት።

ዓርብ እሷ፣ ወንዳወቅና ይታገሱ ሦስቱም በአንድ ሚኒባስ ሄዱ። የታረቁ ሰዎች ናቸው፤ ለብቻ ለብቻ ቢሄዱ ሰው ምን ይላል? ችሎት ውስጥ ግን ወንዳወቅ በአንድ በኩል፣ ይታገሱ በሌላ በኩል፣ እሷ መሐል ቆሙ። እውነቱን ልትናገር ማለች። ዐቃቤ ሕጉ፣ «ምን አዩ?» ሲላት ወደ ዳኛዋ ዞረች።

«እመቤቴ፣ አሁን ሁለት መሐላ ሆነብኝ። የትኛውን ልተው?»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገሩን እዚህ ማን አነሳው?»

«እናንተ።»

«እንግዲያው አንቱ ይመልሳሉ እንጂ አያነሱም።»

እናኑ አልተዋጠላትም። ውርጩ ከመጣ ግን ወደ ፍርድ ቤቱ ጓሮ ይሂድ ብላ አሰበች፤ እዚያም አንድ መደብ ጎመን አይታለች። ተናገረች። «መታው። ክንዱን። ሁለቴ። አሁን ታርቀዋል።» ዳኛዋ እርቁንም አጻፉ፤ ለፍርድም ሌላ ቀን ቀጠሩ።

ሲመለሱ እናኑ በሁለቱ መሐል ተቀመጠች። ጅጋ ሊደርሱ ሲሉ ይታገሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ሁለቴ ነው ያሉት?»

«ዝም በል፣ ልጄ።»

«ሦስቴ ነው እንጂ።»

«ሁለቴ ነው» አለ ወንዳወቅ ከወዲያ። «እሳቸው ቆመው ያዩ እንዴት ይሳሳታሉ?»

«የተመታው እኔ! ክንዱስ የማን ነው?»

«ያኔ ተራ ባትሰርቅ ኖሮ…»

«ማን? እኔ ተራ ሰረቅሁ?»

ሹፌሩ በመስታወት አያቸው። እናኑ ክንዳቸውን ያዘች፤ በግራም በቀኝም። መሪጌታ ይህን ከሰሙ ሽማግሌ ይሰበስባሉ፤ ነገሩን ማን አነሳ ብለው ይጠይቃሉ። መኪናው ውስጥ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ከእሷ በቀር አልነበረም፤ ምስክሯ ዳግም እሷው ልትሆን ነው።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

ቤቷ ገና ሩቅ ነበር።