ከስምንት በኋላ የሚመጣው ቁጥር

የተበደልኩትን አስቀድሜ ልናገር። ልክ የሆነ መልሴ ስህተት ተብሎ በቀይ ቀለም ተሰርዞብኛል። ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ገና ለቀምት በምትባልበት ጊዜ ነው። ልጆቼ ሳይቀሩ፣ «እማዬ፣ ስንት መንግሥት ወጣ፣ ስንቱ ወረደ፣ አንቺ አሁንም እሱን ታነሺያለሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ አነሳለሁ። መንግሥት ወጣ ወረደ እንጂ የእኔ መልስ አልተለወጠም።

ነገሩን እንደገና የቀሰቀሰችው የአክስቴ ልጅ ጫልቱ ናት። ባለፈው ጥቅምት ከአርጆ መጥታ ነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቴ አደረች። ያመጣችልኝን አንጮቴ፣ እንደ ድንች ያለውን የወለጋ ሥር፣ ቀቅለን፣ ትኩሱን እየላጥን ስናወራ፣ ጎረቤቷ የሆነ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አነሳች። በወጣትነቱ ነቀምቴ ሂሳብ አስተምሬያለሁ ይላል አለችኝ።

«ስሙ ማነው?»

«ጋሼ ክፍሌ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። «ሲጨንቀው ጆሮውን ይይዛል?»

«ኤዬ፣ ግራ ጆሮውን። ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ስንት ዘመን ሙሉ ሞቷል ብዬ ነፍስ ይማር ያልኩት ሰው ነው። «ስትመለሺ አብሬሽ አርጆ እሄዳለሁ» አልኳት። ለምን እንደምሄድ አልነገርኳትም። የተላጠው አንጮቴ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

እኔ ያደግሁት በነገረኛ ቤት ነው፤ ይህን የምለው በኩራት ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የከረመ፣ በአውራጃው ፍርድ ቤት ለሰው እየተከራከረ የሚያድር ሰው ነበር። እናቴ የአርጆ ልጅ ነበረች። ስለዚህ በቤታችን ጠብ በአማርኛ፣ እርቅ በኦሮምኛ ነበር። በልጅነቴ ሌሎች ልጆች ተረት ሲነገራቸው እኔ የሰማሁት ማን ማንን እንዴት እንደረታ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ጋሼ ክፍሌ ከሸዋ ተመድቦ መጣ። ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ፣ አዲስ ግራጫ ኮት ያለው ወጣት ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ፍትሕ የምትጠይቅ ሴት ሐቅ መደበቅ የለባትምና ይህንንም እመሰክራለሁ። የክፍላችንን መጽሐፍ ቶሎ ጨርሶ ከላይኛው ክፍል መጽሐፍ ኳድራቲክ የሚባለውን እኩልታ ያስተምረን ጀመር። ኤክስ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ ደግሞ ብቻውን መጥቶ፣ ቁጥር መካከል ተሸሽጎ ሲገኝ ልጆቹ ራሳቸውን ያዙ። እኔ ግን ወደድኩት። ምክንያቱም በዚህ ወገን የጨመርከውን በዚያም ወገን ትጨምራለህ፤ ከዚህ ያነሳኸውን ከዚያም ታነሳለህ። ለማንም አያዳላም። በችሎት እንደዚህ ያለ ዳኛ ቢገኝ አባቴ ሥራ ይፈታ ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከእኛ ዘንድ አንድ ተማሪ ሊወስድ ፈቀደ። ወንድ ይሁን ሴት አልተባለም፤ አንደኛ የወጣ ይላክ ነው የተባለው። አባቴ ከስምንተኛ በላይ ታላቅ ወንድሜን ብቻ ለማስተማር ወስኖ ነበር፤ አቅሙም ያው ነበር። «ቀለብሽን መንግሥት ከቻለ ግን ሂጂ፣ አልከለክልሽም» አለኝ። ስለዚህ ለእኔ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባበት በር ያ ብቻ ነበር። አንደኛ የሚወጣውን ለመለየት ጋሼ ክፍሌ ራሱ ከባድ ፈተና አወጣ።

ከጥያቄዎቹ አንዷ እንዲህ ትል ነበር፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ስንት ነው? ምክንያቱን አስረዳ።

እኔ አሥራ አራት አልኩ። ዓይኔ መጀመሪያ ያየው በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ከሁለት እስከ አራት ሁለት ነው፣ ከአራት እስከ ስምንት አራት ነው፤ እንግዲህ ቀጣዩ ክፍተት ስድስት ይሆናል። በዚህ ሳላበቃ ደንቡን ጻፍኩ። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በራሱ አባዛ፣ ቦታውን ቀንስ፣ ሁለት ጨምር። ሦስተኛው ቦታ፣ ሦስት በሦስት ዘጠኝ፣ ሦስት ሲነሳለት ስድስት፣ ሁለት ሲጨመርበት ስምንት። አራተኛው በዚያው መንገድ አሥራ አራት። ወረቀቱ ሲመለስ ግን በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ጥያቄዋ ሁለት ማርክ ነበራት። ታደሰ የሚባለው ልጅ በአንድ ማርክ በልጦኝ አንደኛ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምን ተሰረዘ?» አልኩ ተነሥቼ።

«መልሱ አሥራ ስድስት ነዋ። እጥፍ እጥፉን ነው የሚሄደው።»

«እጥፍ ነው ብለው ጥያቄው ላይ አልጻፉም።»

«ይታወቃል።»

«ማን ያውቀዋል?»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ ክፍሌ ጆሮውን ያዘ። «መጽሐፉ ያውቀዋል። ከጀርባው አሥራ ስድስት ይላል። አሁን ተቀመጪ፣ ጠበቃዋ።»

ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ግን ነገሩ አልተቀመጠም።

ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። በዚያን ዘመን ተበደልኩ የሚል ሰው የበደለውን በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» ብሎ ያቆመው ነበር። የተጠራው ሰው ሹምም ቢሆን ይቆማል። ከአላፊ አግዳሚው ሽበት ያለው ይለመንና፣ ድንጋይ ላይም ቢሆን ተቀምጦ ይዳኛል። ልማዱ በእኔ ጊዜ እየደከመ ነበር፤ አልሞተም ነበር እንጂ።

ቅዳሜ ነበር፣ የግንቦት ዝናብ የጀመረበት ሰሞን። ገበያው በማንጎ ሽታ ታጥኗል። ጋሼ ክፍሌ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከጉራጌው ባለሱቅ ከሸምሱ ደጃፍ ጠበቅሁት። ነጠላዬን አደግድጌ ፊቱ ቆምኩ።

«በሕግ አምላክ፣ ጋሼ፣ ይቁሙልኝ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ወዲያው ዙሪያውን ሲያይ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ቆመ። በዚያው ዶፉ ስለወረደ ገበያተኛው ሁሉ የሸምሱ ቆርቆሮ ስር ገባ፤ እኔ ያልጠራሁትን ሸንጎ ዝናቡ ጠራልኝ። ከመካከላቸው ከገጠር ያመጣውን ቡና ሸጦ በቅሎውን የሚጭን ኦቦ ገመቹ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ በከተማውም በቤተ ክርስቲያኑም የሚከበር ሰው ነው። ሰዎቹ እሱ ይዳኝ አሉ። የጨው ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማነው የበደለሽ?»

«እኚህ አስተማሪዬ ናቸው።»

«መቱሽ?»

«ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ልኬን ስህተት አሉብኝ።»

«ኦቦ ገመቹ፣ ይሄ የሂሳብ ነገር ነው» አለ ጋሼ ክፍሌ። «ለመንገድ ዳኛ አይሆንም።»

«ሂሳብ ውስጥ ሐሰት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ቀላል ነው። እኔ ስንት ዘመን የበሬና የድንበር ነገር ስዳኝ ሐሰት ያልገባበት ክርክር ገጥሞኝ አያውቅም። ድሮ ቢሆን ተከሳሽ እንዳያመልጥ የኮትህን ጫፍ ከነጠላዋ ጋር እንቋጥረው ነበር።»

«ኮቱ አዲስ ነው፣ ይተውለት» አለ ሸምሱ። ሰው ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ችሎት ፊት እንደሚያደርገው አንድ እግሬን ወደፊት አወጣሁ። «ይጠየቁልኝ። ቁጥሩን እጥፍ አድርጊ ብለውኛል?»

«አላልኩም።»

«እጥፍ ካልሆነ አይሆንም ብለውኛል?»

«አላልኩም፤ ግን …»

«ታዲያ ያላሉኝን ባለማድረጌ በምን ሕግ ተቀጣሁ?»

ጋሼ ክፍሌ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «በግምት ነው የጻፈችው። ደንብ አለኝ ካለች ታሳይ። በእሷ አካሄድ ሃምሳ ስምንት ስንተኛ ቦታ ላይ ይወድቃል?»

እንጨት አነሳሁና ጠፈጠፉ ባራሰው አፈር ላይ ጻፍኩ። ኤክስ በኤክስ፣ ሲቀነስ ኤክስ፣ ሲደመር ሁለት፣ እኩል ይሆናል ሃምሳ ስምንት። ከሁለቱም ወገን ሃምሳ ስምንት ሳነሳ በሁለቱ ቦታ ከዜሮ በታች ሃምሳ ስድስት ቀረ። ሲባዙ ሃምሳ ስድስት የሚሆኑ፣ በአንድ የሚበላለጡ ሁለት ቁጥሮች ፈለግሁ፤ ስምንትና ሰባት ናቸው።

«ስምንተኛ» አልኩ።

«ሁለተኛው መልስስ?» አለ ጋሼ ክፍሌ፤ መጨረሻዋን ወጥመድ ያጠመደው እዚያ ላይ ነበር።

«ከዜሮ በታች ሰባት። እንዲያ የሚባል ቦታ ስለሌለ ይጣላል።»

ሸምሱ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ክፍተቱን እየጨመረ ጣቱን ያጥፍ ነበር። «ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ ሁለት፣ አርባ አራት፣ ሃምሳ ስምንት።» የታጠፉትን ጣቶቹን አየና፣ «ወላሂ ስምንተኛ ነው» አለ።

ኦቦ ገመቹ ወደ ጋሼ ክፍሌ ዞረ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «መምህር፣ ይህችን ልጅ መንታ መንገድ ላይ አቁመህ፣ ወደየት እንደሆነ ሳትነግራት ሂጂ አልካት። ጊምቢም ከተማ ነው፣ በደሌም ከተማ ነው። ጊምቢ ብትደርስ ለምን በደሌ አልደረስሽም ተብላ አትቀጣም። ያንተም ልክ ነው፣ የሷም ልክ ነው። ማርኳን ስጣት።»

«እሺ፣ አባቴ» አለ ጋሼ ክፍሌ።

ዝናቡ አባራ፣ ሰው ተበተነ። እኔ ጭቃውን እየረጨሁ ቤት በረርኩ። ከቃል እስከ ቃል ስነግረው አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በችሎት ተሸንፎ እንኳ ሲያለቅስ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። ከዚያ ድንገት ፊቱ ተለወጠ።

«ዋስ ጠራ?»

«የምን ዋስ?»

«ፍርዱን ሊፈጽም ከቆመው ሰው መካከል ዋስ ጠርቷል ወይ ነው የምልሽ።»

አልጠራም። እኔም አላስጠራሁትም። በመንገድ ዳኛ ፊት የተረታ ሰው ፍርዱን እንደሚፈጽም የሚያስይዘው ሌላ ሰው ካልጠራ፣ ፍርዱ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ከጡት ጋር የጠባሁት ልጅ በደስታ ረሳሁት።

«ክርክሩን ረታሽ» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ። «ነገሩን ግን አልረታሽም።»

ሰኞ ጠዋት ከክፍሉ በር ላይ ቆሜ ጋሼ ክፍሌን ጠየቅሁት። ዓይኔን አላየኝም። «የታደሰ ስም አዲስ አበባ ተልኳል። ከተላከ በኋላ ምን ላድርግ?» አለኝ። ኦቦ ገመቹ ወደ አገሩ ተመልሷል። አባቴ አቤቱታ ሊጽፍ ተነሣ፤ «ከተላከማ …» አለና ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። ታደሰ ሄደ። እሱን አልከስም፣ መልሱን ጻፈ እንጂ ምንም አላጠፋም። በዓመቱ ጋሼ ክፍሌም ተዛወረ።

እኔ ቀረሁ። ተዳርኩ፣ ነገድኩ፣ ወለድኩ። ልጆቼን የማውቀውን ያህል ኳድራቲክ ራሴ አስጠናኋቸው፤ ማንኛቸውም ሂሳብ አልወደቁም። አልፎ አልፎ ግን ማሽላ ስለቅም ወይም መንገድ ላይ መኪና ስጠብቅ ያቺ «ተልኳል» የምትል ቃል ትመጣብኛለች። ለተላከ ነገር ሰው ምን ያደርጋል እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። አሳምን ነበር እንጂ አላመንኩም።

ከጫልቱ ጋር አርጆ ስንደርስ ደጋው ገና ጉም አልለቀቀውም ነበር፤ ጤፉ መገርጣት ጀምሯል። ጋሼ ክፍሌ በረንዳ ላይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ፊቱ ተሸብሽቧል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ስሜን ስነግረው ለመነሣት ሞከረ፤ ይቀመጡ አልኩት። ሴት ልጁ ጩምቦ የሚባለውን ቅቤ የጠገበ ቂጣ አቀረበች።

«ብይ እንጂ» አለኝ።

«ነገር ካለኝ ሰው ቤት እህል አልቀምስም» አልኩት። «መጀመሪያ ይመልሱልኝ። አሥራ አራት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ልክ ነበር።»

«መቼ አወቁት?»

«እዚያው፣ ባለሱቁ ጣቱን ሲያጥፍ።»

ጫልቱ ወደ ውስጥ ልትገባ ተነሣች፤ ተቀመጪ አልኳት። ምስክር ሳይሰማው የሚነገር መልስ አልፈልግም ነበር። «ሰኞ ዕለት ስሙ ተልኳል ያሉኝስ?»

እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። አርጅቻለሁ፣ ረስቻለሁ ሊለኝ ይችል ነበር፤ አላለም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። «አልተላከም ነበር» አለኝ። «የላክሁት በሳምንቱ ነው። በአዲስ ኮቴ ገበያ መካከል ተረትቼ፣ ዳይሬክተሩ ፊት ቆሜ ተማሪዬ ረታችኝ ማለት አቃተኝ። ይሄው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።»

ይህን ስጽፍ ሰዎች ይቅር በይው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይቅርታና መልስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይቅርታ የእኔ ነው፣ ስፈልግ እሰጣለሁ፣ ሳልፈልግ እተዋለሁ። መልሱ ግን ከእሱ ዘንድ የነበረ የእኔ ንብረት ነው። ሰው ሲያረጅ ያልተመለሰለትን ነገር ይተወዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ አላረጀሁም፤ ለልጅ ልጆቼም የምመክረው እንዲህ እንዳያረጁ ነው። ጠያቂ ፊት ቆሞ ያፈረ ሰው ስላለ፣ የጠየቀው ሰው መብት አይቀርም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ዓይኑን እያየሁ ጠየቅሁት።

«ሁለቱ ማርክ ቢጨመርልኝ ኖሮ፣ ጋሼ፣ አንደኛ የሚወጣው ማን ነበር?»

«አንቺ ነበርሽ» አለኝ። «አንደኛዋ አንቺ ነበርሽ።»