ንፋስ ያላመጣው ቅርንጫፍ

ዛሬ ጠዋት ሲያትል አጠገብ ሾርላይን ከተማ ካለው ቤቴ ስወጣ አንድ የከተማው ሠራተኛ የእግረኛ መንገዱን በብርቱካናማ ቀለም ሲያሰምር አገኘሁት። የዛፍ ሥር ሲሚንቶውን ገፍቶ ሁለት ጣት ያህል አንስቶታል። ሰውየው ከሄደም በኋላ ከስንጥቁ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ሲያትል ውስጥ ከጋሽ ሰይድ ቤት ምድር ቤት እኖር ነበር። ጋሽ ሰይድ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ደሴ እያሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ኤርፖርት ያጸዳሉ። ስላስጠጉኝ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ሳልጠይቅ እፈጽም ነበር።

ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ የሜፕል ዛፍ ሥሩ የእግረኛውን መንገድ አራት ጣት ያህል አንስቶታል። በመጸው ቅጠሉ ረግፎ በዝናብ ሲርስ እብጠቱ ጨርሶ አይታይም። በዚያ ላይ ጎረቤታችን ሚስስ ሄለን፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ለልጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ ይዘው በከዘራ ያልፋሉ። አንድ ቀን ይወድቃሉ ብዬ እሳቀቅ ነበር። በቤት ፊት ያለውን መንገድ የሚያስጠግነው ባለቤቱ ነው ሲባል ክፍል ውስጥ ሰምቼ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው።

«የመንግሥትን መንገድ ነክቼ ልታሰር እንዴ?» አሉኝ። «ሲቲው ራሱ መጥቶ ፊክስ ያደርገዋል። እስከዚያ ቅጠል ጣይበት።»

ወዲያው ገባኝ። አገር ቤት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሾፌሩ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይደረድራል፤ ያየ ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከጓሮ የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ከእብጠቱ ወዲህና ወዲያ በጥንቃቄ አነጠፍኩ። ጋሽ ሰይድ በመስኮት አይተው «አሁን ሾፌር ሆንሽ» ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከሰዓት ስመለስ ቅርንጫፎቹ የሉም። በማግስቱ ደገምኩ፤ እንደገና ጠፉ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እጥፍ አድርጌ ጣልኩና በመስኮት መጠበቅ ጀመርኩ። ሚስስ ሄለን መጡ። ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። አዩኝና እጃቸውን ሊያውለበልቡልኝ ቀና ሲሉ ተረከዛቸውን እብጠቱ ያዘው።

ጋሽ ሰይድ በካልሲ ሮጡ። አንስተን ደረጃችን ላይ አስቀመጥናቸው። የእጃቸው አንጓ ወዲያው ማበጥ ጀመረ።

«ይህ ንፋስ በየቀኑ ቅርንጫፍ ያመጣባችኋል» አሉ ሚስስ ሄለን። «ሰው እንዳይወድቅበት ብዬ ነው የማነሳው።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን እንግሊዝኛው ስላልገባቸው ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። ስነግራቸው መሬት መሬት አዩ።

«ንፋስ አይደለም፣ እኛ ነን በያቸው።»

ይህንኑ ለሚስስ ሄለን ስተረጉም፣ እርሳቸው እንዳይወድቁ አስበን እንደሆነም ጨምሬ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ የተበተነውን ጥድ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ታዲያ በሬን ለምን አላንኳኳችሁም?»

ሦስት ወር ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ሰላም ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ሰኞ ጋሽ ሰይድ ከሥራ ቀርተው መንገዱን የማስጠገኛ ፈቃድ ለማውጣት አብረን ሄድን። ያበጠው ተነሥቶ አዲስ ሲሚንቶ ፈሰሰ፤ እስኪደርቅም ጋሽ ሰይድ አጠገቡ ወንበር አውጥተው እንደ ዘበኛ ተቀመጡ። የሚስስ ሄለን እጅ እስኪድን ደብዳቤዎቹን እየነገሩኝ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ስሄድ አልጫ ምስር እይዝላቸዋለሁ፤ እርሳቸው የፖም ኬክ ያበሉኛል። ልጃቸው እምብዛም እንደማይመልስላቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ያኔ፣ እኔ የማውቀውን ምልክት ሰው ሁሉ የሚያነበው ይመስለኝ ነበር። የዛሬው ቀለም በርግጥ ደማቅ ነው። ግን ደመናው ከብዷል፣ ቅጠሉም መርገፍ ጀምሯል። ጎን ካለው ቤት ባለፈው ወር የገቡትን ሽማግሌ ከሩቅ እጄን ከማንሣት በቀር ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ቦርሳዬን መኪናው ውስጥ አስቀምጬ ተመለስኩና በራቸውን አንኳኳሁ።